ለሞተ ሰው የተጠበቀ ደን

እናቴ የአባቴን ደን «ጣውንቴ» ነበር የምትለው። አባቴ ከአዋሽ ሲመጣ፣ ሻንጣውን ገና መሬት ሳያሳርፍ፣ «ጣውንቴ እንዴት ከረመች?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስም። ምን ብሎ ይመልስ? ዓመቱን ሙሉ በረሃ ለበረሃ ከግራር ጋር ከርሞ ለመስቀልና ለፋሲካ ብቻ ብቅ የሚል ባል ምን አፍ አለው? እኔም በልጅነቴ በዚያ ደን እቀና ነበር። ዛሬ ጡረታዬን እየበላሁ ይህን ስጽፍ እንኳ ቅናቱ ጨርሶ ለቆኛል ብዬ አልምልላችሁም።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ መምህርት ነበርኩ፤ የማስተምረው ደብረ ማርቆስ ነው። ስሜ ጥሩወርቅ ይባላል፣ አባቴ ግን ጥሩዬ ይለኛል። ለእሱ ብቸኛ ልጅ ነኝ። ስድሳ ዓመተ ምሕረት ከገባ በኋላ ነው፤ የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ በጥጥ ሊሆን የደረሰበት፣ ቡልዶዘር ወንዙ ዳር ዛፍ ሲገነድል የሚውልበት ጊዜ። አንድ ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አጎቴ ከአከራዬና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር በሬን አንኳኳ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ያገሬ ሰው ያውቃል። በሩን ሳልከፍት ጮህኩ።

የተረዳሁት አባቴ ከተቀበረ፣ ሰልስቱም ከወጣ በኋላ ነው። «በገዛ ቤቱ፣ አልጋው ላይ፣ ቄስ አናዝዞት፣ እናትሽ እጁን ይዛው ነው ያረፈው» አሉኝ። «ምን አለ? እኔን አልጠራም?» ብል አጎቴ «በቃሽ! ነፍሱን አታስጨንቂ» ብሎ ዝም አሰኘኝ። አዲስ አበባ ገብቼ እናቴን ስጠይቃት እሷም ያንኑ፣ ቃል በቃል ያንኑ፣ ትለኛለች። አልጋው፣ ቄሱ፣ እጁ። እኔ የናፈቀኝ አባቴ ብቻ አልነበረም። አሟሟቱም ናፈቀኝ። እንዴት አሟሟት ይናፍቃል እንዳትሉኝ፤ ይናፍቃል። ያላየሁትን የመጨረሻ ሰዓቱን የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ልቤ ሲባክን ከረመ።

ወራት አለፉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ አስጠራችኝና «ጣውንቴን ልድራት ነው» አለችኝ። ከደኑ አጠገብ ያለው የጥጥ እርሻ ሊገዛው ጠይቋል። ወራሿ እኔ ስለሆንኩ፣ ሄጄ ለወኪሉ ደኑን ማስረከብ ነበረብኝ። እኔም እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ደን ላስተዳድር ነው? እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ አባቴን የወሰደብኝ ነገር ሲገነደስ ባየው የምረካ መስሎኝ ነበር።

አዋሽ ጣቢያ የተቀበለኝ ጋሽ ሽፈራው ነው። የምንጃር ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ። ለአባቴ ደኑን በኃላፊነት የሚጠብቅለት እሱ ነበር። ታሞም ወደ አዲስ አበባ ይዞት የሄደው እሱ ነው። ጣቢያው ላይ ጥቁር ልብሴንና ጥቁር ሻሼን አይቶ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሁለት በቅሎ አመጣ። ሙቀቱ የሰው ፊት ይለበልባል። ከተማውን ለቀን ቁልቁል ስንወርድ በቅሎውን ወደ እኔ አስጠጋና፣

«ልጄ፣ ሳንደርስ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። «አፋሮቹ አያውቁም።»

«ምኑን?»

«የባላምባራስን፣ የአባትሽን ማረፍ። አልነገርኳቸውም።»

በቅሎዬን አቆምኩ። «ይኸን ሁሉ ወር?»

«እንዴት ብዬ ልንገር? ሑመድን የሚያህል ሽማግሌ፣ ከአባትሽ ጋር እንደ ወንድም የኖረ ሰው፣ በሠራተኛ አፍ ሊረዳ ነው? መርዶ የዘመድ ነው። አንዳችሁ እስክትመጡ ብዬ ነው። በጠየቁኝ ቁጥር ታመዋል፣ ተሽሏቸዋል፣ ሰላም ብለዋል እያልኩ አቆየኋቸው።»

አሁን አንባቢዎቼ በሽፈራው አትፍረዱበት። በእኛ ወግ ትክክል ነበር። እኔንስ ያረዱኝ በዚያው መንገድ አይደል? ጊዜ ተጠብቆ፣ ሰው ተመርጦ፣ ቃል ተለዝቦ። ጨዋነት ብሎ ነው ያደረገው። ችግሩ የእኛ ጨዋነት እዚያ አገር ሌላ ስም እንዳለው አለማወቃችን ነው።

ደኑ ጋ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ከነጭ አቧራና ከጥቁር ድንጋይ ወጥተን በድንገት ጥላ ውስጥ ስንገባ፣ ትንፋሼ ሲመለስ ተሰማኝ። አባቴን በዚህ ቦታ ሰበብ ስወቅሰው የኖርኩት ቦታውን ሳላየው ነበር። ግራሩ፣ ቁርቁራው፣ በደኖው፣ ወንዙ ዳር ደግሞ ግዙፍ ሾላ። ግን ዝም ብሎ የበቀለ ዱር አልነበረም፤ የሰው እጅ ይታይበታል። አባቴ ደኑን በክፍል በክፍል ከፋፍሎት ነበር። በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ ያስቆርጣል፤ እንጨቱ ለከተማው ዳቦ ቤቶችና ለቤት ሠሪዎች ይሸጣል። ሲቆረጥ ደግሞ ዝናብ እንዳይቋጥር ጉቶው በሰያፍ ነው የሚመታው። ከጉቶው ዙሪያ ቀንበጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቀንበጡ ከከብት አፍ በላይ እስኪያድግ ያ ክፍል ይዘጋል።

«በምን ይዘጋል? አጥር የታለ?» አልኩት ሽፈራውን።

በጣቱ አሳየኝ። በክፍሉ ዳር ባሉ ግንዶች ላይ የተቋጠረ ልጥ ታስሯል። «ይኸ ነው አጥሩ። አባትሽና ሑመድ የተማማሉበት ነው። ልጥ የታሰረበት ክፍል የአፋር ከብት አይገባም። በሌላው ግን በጋ ሲሆን እንደልባቸው ያግጣሉ፤ የግራሩን ፍሬ ለፍየሎቻቸው ያራግፋሉ። እርጥብ ዛፍ አይቆርጡም፣ ሌላም ሰው ገብቶ እንዲቆርጥ፣ ከሰል እንዲያከስል አይፈቅዱም። እኔ ብቻዬን ይኸን ሁሉ የምጠብቅ መሰለሽ?»

ቀንበጦቹ ደረቴ ደርሰዋል። አንዱን ይዤ ቆምኩ። አባቴ በመጨረሻ ያስቆረጠው ክፍል ይህ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ነው እንዲህ ያደጉት። እነሱ ሳያዩት አደጉ፣ እኔም ሳላየው ቀረሁ ብዬ ቀንበጡን ለቀቅኩት።

አባ ሑመድ አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። ጊሌ የሚሉትን ቆልማማ ጩቤ ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ በሌላው እጁ የግመል ወተት ያለበት ዕቃ ይዞ። ሁለት ሌሎች ሰዎች ከኋላው አሉ። ተጨባበጥን፤ ከዚያ ከጥላው ስር ቁጢጥ አለና ዳጉ ጀመረ። ዳጉን የማያውቅ ካለ፦ አፋር ከሰው ሲገናኝ ሳያወጋ አያልፍም። ያየውን ይናገራል፣ ያላየውን እንዳላየ ይናገራል፣ ከዚያ ያንተን ይጠይቃል። ሑመድ የወንዙን ውሃ፣ የሳሩን ነገር፣ ወደ ሚሌ መንገድ ላይ የተገለበጠውን መኪና፣ የአንድ ሰው ግመል መጥፋትና መገኘት አንድ በአንድ ነገረን። አማርኛው አጭር አጭር ነው፣ ግን አንድ ነገር አይዘልም። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሻሼን አየና ፊቱ በፈገግታ በራ።

«አልሐምዱሊላህ! አግብተሻል!»

ምን እንዳለ አልገባኝም። ሽፈራው ዓይኑን መሬት ተከለ።

«ጥቁር ራስሽ ላይ አድርገሻል» አለ ሑመድ። «የኛ ሴት ስታገባ ጥቁር ታስራለች። ባላምባራስ ልጁን ድሮ ዳጉ አልላከልኝም? ወላሂ ተቀይሜዋለሁ! ይኸ ወተት ላንቺ የሰርግ ነው። አላህ ልጅ ይስጥሽ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «አባትሽ ጨፈረ? እሱ እግሩን ያመዋል፣ ግን ላንቺ ሰርግ ይጨፍራል። ንገሪኝ፣ ጨፈረ?»

ወተቱን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ሽፈራው «ልጄ፣ ነገ ጠዋት በወጉ…» ሲል ሰማሁት። ነገ ጠዋት! እኔ ላይ የተደረገው ሁሉ ትዝ አለኝ። ይህ ሰው አባቴ ሰርግ ላይ ሲጨፍር በዓይነ ኅሊናው እያየ እንዲያድር መተው አቃተኝ።

«አባ ሑመድ» አልኩ፣ «አባቴ ሞቷል። ጥቁሩ የሐዘን ነው።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ ቆየና ቀስ እያለ ወረደ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ሌሎቹም ደገሙ። «መቼ?»

«በጋው ሳይገባ። ከዚህ የሄደ ሰሞን ነው።»

ከዚያ ወደ ሽፈራው ዞረ። «ሽፈራው፣ እኔ አንተን ጠየቅኩህ። ስንት ጊዜ ጠየቅኩህ?»

«ሑመድ ወንድሜ፣ በእኛ አገር…»

«ደህና ነው አልከኝ። ሰላም ብሎሃል አልከኝ። የሞተ ሰው ሰላም አለኝ? እኔ ያንን ዳጉ ይዤ ለሰው ሰጠሁ። እስከ ታች፣ እስከ አፋምቦ ሄዷል። ባላምባራስ ደህና ነው፣ ሑመድ ነው ያለው ተብሏል። አሁን እኔ ውሸታም ነኝ።»

ተነስቶ ሄደ። ሽፈራው እየተከተለ «ለክብርህ ብዬ ነው!» ይላል። የሚሰማው አልነበረም።

ጠዋት በከብት ድምፅ ነቃሁ። ከአባቴ ጎጆ ስወጣ የተዘጋው ክፍል ዳር ያሉት ልጦች በሙሉ ተፈተው መሬት ላይ ወድቀዋል። ከብቶቹ ቀንበጡን ሊደርሱበት ትንሽ ነው የቀራቸው፤ አጥንታቸው ይቆጠራል፣ ቆዳቸው አጥንት ላይ የተሰጣ ይመስላል። ሽፈራው ጠመንጃውን ይዞ እየሮጠ ሲመጣ መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

«ልቀቂኝ! አንድ ቀን ከዋሉበት የአባትሽ ድካም አለቀ፤ ጉቶው ዳግመኛ አያቆጠቁጥም!»

«ተኩሰህስ?»

«ወደ ሰማይ ነው የምተኩሰው።»

«ሰማይ ምን አደረገህ? ጠመንጃውን አስቀምጥና ና፣ ሑመድ ጋ እንሂድ።»

የዚያን ቀን ከሰዓት የጥጥ እርሻው ወኪል ይመጣል ተብሏል። ደኑ ሊሸጥ ነው፤ ታዲያ ከብት በላው አልበላው ለእኔ ምኔ ነበር? ይህን ጥያቄ መንገድ ላይ ራሴን ጠይቄው ነበር። የማውቀው ያ ሰው ተቆጥቶብን እንዲቀር አለመፈለጌን ነው። አባቴን እንደ እኔ የናፈቀ ሌላ ሰው በዓለም ላይ ያገኘሁት ትናንት ገና ነበር።

ሑመድ ከወንዙ ዳር ሾላ ስር ከጎሳው ሰዎች ጋር ተቀምጧል። እንዳንቀመጥ አልከለከለንም። ቆይቶ፣

«ቃሉን ለሰው ነው የሰጠሁት» አለኝ። «ሰውየው ከሞተ ቃሉን ከልጁ ጋር እናድሳለን፣ ወይም እንተዋለን። ይኸ ሕጋችን ነው። አሁን ስሚኝ። በጋው ከባድ ነበር። ከብት ሞተብን። የጎረቤቴ የሳማ ልጅ ከብቶቿ አልቀውባት ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ያ የተዘጋው ቦታ ቀንበጥ አለው፣ እናያለን። ሰዎቼ እንግባ አሉኝ። እኔ፣ አይሆንም፣ ባላምባራስ ታሞ ነው፣ ሲመለስ ምን እለዋለሁ አልኳቸው። ከብቶቻችን እየሞቱ ለሞተ ሰው ደን ስንጠብቅ ከረምን።»

ሽፈራው አንገቱን ደፋ። እግዜር ያሳያችሁ፤ አጥንታቸው የሚቆጠር ከብቶች እዚያ ልጥ ጋ ደርሰው የተመለሱት ለአባቴ ሲባል ነው።

«ምን ላድርግ አባ ሑመድ?» አልኩ። «ምን እንድከፍል ይፈልጋሉ?»

«ዳጉ ስጪኝ።»

«ነገርኩዎት እኮ፣ ሞቷል።»

«ሞቷል ዳጉ አይደለም። የት ሞተ? ማን አጠገቡ ነበር? ውሃ ጠጣ? ምን አለ? ሙሉውን። ከዚያ ስለ ደኑ እናወራለን።»

የምመኘውን ጥያቄ ሰው ሲጠይቅ ሰማሁ፤ ተጠያቂዋ ግን እኔው ሆኜ አረፍኩ። የተነገረኝን ሰጠሁት። በገዛ ቤቱ፣ አልጋው ላይ፣ ቄሱ፣ እናቴ እጁን ይዛ። ስናገር ድምፄ እንደ ተማሪ ቃል በቃል የሸመደደ ሰው ድምፅ ነበር።

ሑመድ በጥሞና ሰማና ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም።»

«እንዴት?»

«እኔ ግመል ላይ ጭኜ እስከ ባቡር ያደረስኩት ሰው ቤቱ አይደርስም። ከንፈሩ ነጭ ነበር። ባቡር ውስጥ ሳስገባው እጄን ያዘኝ፣ እጁ ቀዝቅዟል። በዚያ ሙቀት! እኔ ያየሁት ይኸ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም። ያየው ሰው ይንገረን።»

ሁላችንም ሽፈራውን አየነው።

«ጋሽ ሽፈራው?» አልኩት።

«እናትሽ በቁርባኗ አስምላኛለች» አለ። «'ባላምባራስ ባቡር ላይ ሞተ አይባልም፣ ለልጄም አይነገርም' ብላኛለች።»

«ልጇ አሁን እየጠየቀችህ ነው።»

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጀመረ፤ ሳይቸኩል፣ እንደ እነሱ አንድ በአንድ።

«ባቡሩ ሲነሳ ደህና ነበሩ። በመስኮት ወደ ደኑ አቅጣጫ ያያሉ። መተሐራን ስናልፍ ውሃ ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው፤ ትንሽ ነው የጠጡት። ወለንጪቲ ስንደርስ 'ሽፈራው፣ ካፖርቴን አልብሰኝ' አሉኝ። 'ጌታዬ፣ ሙቀት አይደለም እንዴ?' ብላቸው 'ጥሩዬ ጣቢያ ቆማ በሸሚዝ አታየኝም' አሉ።»

ልጅ ሳለሁ አባቴ በመጣ ቁጥር ለገሃር ወርጄ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። እናቴ ከቤት አትወጣም፤ ኩርፊያዋን ይዛ ትጠብቀዋለች። እኔ ግን ከባቡሩ እኩል እየሮጥኩ በየመስኮቱ እፈልገዋለሁ። ካደግሁ፣ ሥራም ከያዝኩ በኋላ ይህ ቀርቶ ነበር። ለእሱ ግን አልቀረም።

«አለበስኳቸው» አለ ሽፈራው። «ጸጉራቸውንም በጣቴ አስተካከልኩላቸው። 'ትመጣለች አይደል?' አሉኝ። እኔ አንቺ ደብረ ማርቆስ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ እንኳን ልትመጪ፣ መታመማቸውንም አልሰማሽም። 'ትመጣለች እንጂ' አልኳቸው። ናዝሬትን አለፍን። ሞጆ ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ ተደገፉና 'ደረስን?' አሉኝ። 'ደርሰናል ጌታዬ፣ ጣቢያው ይታየኛል' አልኩ። 'እሷስ?' አሉኝ። 'እሷም ትታየኛለች' አልኳቸው። ሌላ አልተናገሩም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ነገረን። ሬሳው መንገድ ላይ ባለ ትንሽ ጣቢያ እንዳይወርድበት ፈርቶ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎለት፣ እንደተኛ ሰው አቅፎት እስከ አዲስ አበባ ሄደ። ትኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ «ሽማግሌ ናቸው፣ አትቀስቅስብኝ» አለው። አጠገባቸው የነበረች ሴትዮ ለተኛው ሽማግሌ ብላ ብርቱካን ሰጠችው፤ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ሾላው ስር ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ደብረ ማርቆስ ከጮህኩት ጩኸት ጋር አይገናኝም፤ ያ የድንጋጤ ነበር። ይኼኛው አባቴን አግኝቼ፣ ካፖርቱን ለብሶ አይቼው፣ ከዚያ ያጣሁት ለቅሶ ነው። ማንም ዝም በይ አላለኝም። ጨርሼ ዓይኔን ስጠርግ ሑመድ ሽፈራውን፣

«ጣቢያው ይታይህ ነበር?» አለው።

«አይታየኝም ነበር። ሩቅ ነበርን።»

«እሷም አልነበረችም።»

«አልነበረችም።»

ሑመድ በትሩን እያሻሸ አሰበ። «ያንን ውሸት ለአላህና ላንተ ትቼዋለሁ። እኔን ለዋሸኸኝ ግን ፍየል ታመጣለህ። የሚያርደው የኛ ሰው ነው።» ሰዎቹ ሳቁ። ሽፈራውም እያለቀሰ ሳቀ።

ከዚያ ሑመድ ወደ ሰዎቹ ዞሮ በአፋርኛ ተናገረ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን ዳጉውን ከመጀመሪያው እየሰጣቸው እንደሆነ ለመረዳት አልተቸገርኩም። ባላምባራስ ሲል፣ መተሐራ ሲል፣ ወለንጪቲ ሲል እሰማለሁ። መጨረሻው አካባቢ «ጥሩዬ» አለ። የአባቴ አሟሟት ከነስሜ ተነስቶ በዚያ በረሃ ሊዞር ነው። ሰዎቹ ተነስተው በየአቅጣጫቸው ሄዱ። አንዱ ግን ወደ ደኑ ሮጠ፤ እረኞቹ የሑመድን ቃል እየጠበቁ ከብቶቹን ዳር ላይ ይዘዋቸው ነበርና ከቀንበጡ ሳይደርሱ መለሷቸው።

«አሁን» አለ ሑመድ፣ «ደኑ የማን ነው?»

ወኪሉ እየመጣ ነበር። እናቴ ቃል ሰጥታለች። እኔ ደግሞ ለመሸጥ ነው የመጣሁት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአባቴን ፊት በዓለም ላይ የማይበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

«የእኔ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ነይ።»

ልጥ እንዴት እንደሚቋጠር ያን ቀን ተማርኩ። የተዘጋውን ክፍል ዳር እኔና ሑመድ ግንድ በግንድ እየሄድን አሰርን። ግማሹን ክፍል ግን ሳይታሰር ተውኩት። ሽፈራው አጉረመረመ፤ እኔም «ከብቱ ለአባቴ ሲል ተርቧል፣ አባቴ ደግሞ ትንሽ ይካሰው» አልኩት። ወኪሉ በላንድሮቨሩ አቧራ እያስነሳ ሲደርስ እጄ በዛፍ ሙጫ ተለውሶ ነበር። እንደማልሸጥ ስነግረው «እመቤቴ፣ በዚህ ሐሩር ለግራር ብለው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምን ብዬ ላስረዳው?

እናቴ «ጣውንቴን ወረስሽልኝ!» ብላ ወር ሙሉ አኩርፋኝ ነበር። ኩርፊያዋ ሲበርድ ስለ ባቡሩ እንደማውቅ ነገርኳት። «እንደ ዕቃ ተጭኖ ሞተ እንዳይባል ብዬ እኮ ነው» ብላ እቅፌ ውስጥ አለቀሰች። የእሷም ሐዘን እስከዚያ ቀን በደንብ አልወጣም ነበር። ደኑን መሬቱ የመንግሥት እስኪሆን ድረስ ከሽፈራውና ከሑመድ ጋር ሆነን ያዝነው፤ በየዓመቱ አንድ ክፍል እየቆረጥን፣ አንድ ክፍል እየዘጋን። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላወራም፤ ያየ ያውቀዋል። ሰመራ የምትባል ከተማ ያኔ አልነበረችም። ዛሬ እዚያ ያሉ ዘመዶቼን፣ የሑመድን የልጅ ልጆች፣ ልጠይቅ ስሄድ፣ አውቶቡሱ አዋሽን ሲያልፍ በደኑ በኩል ባለው መስኮት እቀመጣለሁ። የማየው ነገር ግን የለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መርዶ ነጋሪ የምትሆኑበት ቀን አይቀርም። ሰዓት ምረጡ፣ ሰው ሰብስቡ፣ ወጉ ነውና አልቃወምም። ሐዘንተኛው «ምን አለ?» ብሎ የጠየቃችሁ እንደሆነ ግን አፉን አታስይዙት። የምታውቁትን ሁሉ ንገሩት፤ ብርቱካኑንም ጭምር። እኔ ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ገብቼ ሰው ሳረዳ እንዲህ ነው የማደርገው። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ ዓመት ቆይቶ ግን መንገድ ላይ ያቅፈኛል።

ያን ጊዜ፣ ደኑን አልሸጥም ብዬ ከአዋሽ የተመለስኩ ዕለት ምንም አላደረግሁም፤ ደክሞኝ ተኛሁ። በማግስቱ ግን ጥቁሬን አውልቄ፣ አባቴ የሚወደውን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ለገሃር ወረድኩ። ከአዋሽ የሚመጣው ባቡር ዘግይቶ ገባ። ከባቡሩ እኩል አልሮጥኩም፤ መቀበያው ላይ፣ ሁሉም መንገደኛ በሚያየኝ ቦታ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ዕቃው ሁሉ ተራግፎ፣ የባቡሩ በሮች እስኪዘጉ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር።